ሦስተኛውም ቀርቷል

መስከረም 18 ቀን

ማስታወቂያ! ማስታወቂያ! ለመላው ቤተሰባችን፣ ለፎቁ ነዋሪዎች በሙሉ፣ እንዲሁም ባሕር ማዶ ለምትገኘው አንዲት የልጅ ልጄ! ላለፉት አሥራ አንድ ቀናት የገባበት ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት ከፍሪጁ ሥር በሰላም ተገኝቷል። ጫማው በመልካም ጤንነት ላይ ሲሆን፣ የቀኝ እግሩ ጓደኛው ደስታውን የሚገልጽበት ቃል አጥቷል። በፍለጋው ለተባበራችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ማንም አልተባበረም፤ ቢሆንም ይድረሳችሁ።

ይድረስ ለሚጢጢዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሞላሽም ሚጢጢ ነሽ፤ በዚህ ጉዳይ ይግባኝ የለም።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ከዚያ የቢሮ ወንበር ጋር ታረቀ? እኔ ከእርጅና በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ እሱም ተላላፊ ስላልሆነ አትስጊ። ዕድሜሽን እንደ እኔ ያርዝመው፤ ጥርስሽን ግን እንደ እኔ አያድርገው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። "ጨዋታው በወጣ በሳምንቱ እመጣለሁ" ብለሽ ከጻፍሽልኝ ሁለት ዓመት አለፈ። "መቼ ነው የሚወጣው?" ስልሽ "ምስጢር ነው፣ ፈርሜያለሁ" አልሽኝ። ለመሆኑ እኔ ማነኝ? ሠላሳ አራት ዓመት በአውቶቡስ መነኸሪያ ድምፅ ማጉያ ይዤ የሰው ሁሉ መነሻና መድረሻ ስለፍፍ ኖሬ፣ የገዛ የልጅ ልጄ መድረሻ ይደበቀኝ? እልህ ያዘኝና ከፎቃችን ሥር ወዳለው ጌም ቤት ወረድኩ።

ስድስት ቴሌቪዥን፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ። እዚያ የተሰበሰቡት ሁሉ ያንቺን መሥሪያ ቤት ነው የሚጠብቁት። ያቺ በጭጋግ ሐይቅ ላይ ሰው የምታሻግር የጀልባ ጨዋታችሁ ክፍል አንዷ ወጣ፣ ክፍል ሁለቷ ወጣ፣ ክፍል ሦስት ይኸው ሰባት ዓመት! ሰው ሰባት ዓመት የሚጠብቀው ወይ ልጅ ነው ወይ ፍርድ። ኩባንያው እንዳንቺው ዝም ጭጭ ነው፤ እሱ ዝም ባለ ቁጥር እነሱ ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚብሰው "ፕሮፌሰር" የሚሉት ነው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ቀን የሰው ጥርስ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ የኩባንያውን ቃል ያኝካል። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ ሁሉን ስለምትጠራጠር ሙቀት መለኪያውን ራሱ ትለካዋለች። ባለፈው ሳምንት ኩባንያው አንዲት የጭጋግ ሥዕል አወጣ፤ ቃል የለ፣ ቀን የለ። ፕሮፌሰር አጉሊ መነጽር ይዞ ተጠጋ።

"ሦስት ወፍ! ቁጠሩ፣ ሦስት! ክፍል ሦስት በሦስተኛው ወር!"

"ጥጉ ላይ ያለው ጅራት የማነው?" አለች ነርሷ።

"የምን ጅራት?"

"የአራተኛው ወፍ። ክፍል ሦስትን ዘለው ክፍል አራትን ሊያወጡ ነው በላ!"

"አንቺ ሴት፣ ተስፋ ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ትኩሳቱን ነው የምለካው።"

የልጅ ልጄ እዚያ መሥሪያ ቤት እንደምትሠራ አልነገርኳቸውም። ገና።

ሌላ ወሬ የለም። አዎን፣ ረስቼው፤ የዓይን ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። "የዓይንዎ ግፊት አልወርድ ብሏል። ቀኙ ሄዷል፤ ግራው ቢበዛ ስድስት ወር፣ ስምንት ወር። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ይመልከቱ" አለኝ። ትክ ብዬ አየሁትና "ምነው፣ አንተ ያን ያህል ቆንጆ ነህ እንዴ?" አልኩት። እሱ አልሳቀም።

ገንዘብ አትላኪ። ቀን ላኪ።

አያትሽ፣ የቀድሞው የመነኸሪያ ድምፅ


ጥቅምት 26 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ዘመንዎ እንደ ቀልድዎ አያልቅ። የነጠላ ጫማውን ዜና በደስታ ተቀብያለሁ፤ ለቀኙም እንኳን ደስ አለህ ይበሉልኝ።

እኔ ያው ነኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት አለው፤ ከውጭ ማንም ስክሪናችንን እንዳያይ ተብሎ ግን መጋረጃው አይከፈትም። ቀኑን ሙሉ ጀልባዋን ከአንድ ድንጋይ ጋር አጋጫለሁ። ሦስት መቶ ጊዜ ገጭታ ትቆማለች፤ በሦስት መቶ አንደኛው ድንጋዩን እንደ ጭስ ሰንጥቃው ታልፋለች። ያኔ ስህተቱን እጽፋለሁ፣ ሌላው ያርመዋል፣ እኔ ከአንድ እጀምራለሁ። እርስዎ ድሮ "ስህተት ለቃሚ" ያሉኝ እውነትዎን ነው። ሰሞኑንማ ምሳችንን እንኳ እዚያው ጠረጴዛችን ላይ ነው የምንበላው።

ስለ ቀኑ አይጠይቁኝ። ጌም ቤት ያሉት ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ ብልዎ ያምኑኛል? እኛም ኮሪደር ላይ ቆመን የአለቆቻችንን ፊት ነው የምናነበው። ጥዬ እንዳልመጣ፣ ከጨዋታው መውጫ በፊት የሄደ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። እንዲያም ሆኖ ፈቃድ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

ስለ ዓይንዎ የጻፉት ከጫማው ወገን ነው ወይስ ከእውነቱ? እርስዎ እውነቱንም ቀልዱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚለፍፉት። ስደውል ስልኩን አያነሡም። እባክዎ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለ ቀልድ ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።


ኅዳር 12 ቀን

ሚጢጢዬ፤

ሰላምታዬ የጭነት ሳይከፈልበት ይድረስሽ።

ያለ ቀልድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብለሽ ነበር። ይኸውልሽ።

ነይ።

አለቀ። ከዚህ በታች ያለው እንደ ልማዴ ነው።

ስልክ የማላነሣው ስልክ ላይ ሰው ሁሉ "ደህና ነኝ" ስለሚል ነው። በጽሑፍ ግን አትዋሺኝም፤ ስትደክሚ "ደ"ሽ እግሯ ይንሻፈፋል። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ያሉት "ደ"ዎች በሙሉ ያነክሱ ነበር። የእኔ ፊደላትስ ለምን እንዲህ ገዘፉ ብትዪ፣ ወረቀት ስለረከሰ ነው።

አሁን ስሚኝ። ምስጢርሽን ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ። መነኸሪያ ሳለሁ የአውቶቡስ መነሻ ከሰሌዳው አይታወቅም ነበር፤ ሰሌዳውን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ በደንብ አውቃለሁ። ሾፌሩን ነው የምታዪው። ተቀምጦ ምሳ ካዘዘ አንድ ሰዓት አለሽ። ጎማውን በእግሩ እየነካካ አናቱን ካከከ ነገ ተመለሺ። ቆሞ ከበላ ግን ሩጪ! አንቺ ደግሞ ምሳችንን ጠረጴዛችን ላይ ነው የምንበላው አልሽ። ጎሽ! ቆሞ የሚበላ ሾፌር ማለት ይህ አይደለም?

ጌም ቤት ወርጄ አወጅኩ። "ክፍል ሦስት ሊነሣ ነው። ክረምት ሳይገባ!"

"ከየት አመጡት፣ አባባ?" አለ ፕሮፌሰር።

"ከታመነ ምንጭ።"

"የትኛው ምንጭ?"

"ምሳ ላይ ያለ ምንጭ።"

ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን ያዘኝ። "አባባ፣ በእናትዎ፣ አይጫወቱብኝ። እኔ እኮ ሚስቴ ልትወልድ ስትል እንኳ እንዲህ ቀን አልቆጠርኩም።"

"ለዚህም አይደል ልጁን ይዛ የሄደችው" አለች ነርሷ፣ ቀና ሳትል።

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ግን አየሁት፤ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የሌለው ሰው ነው። እኔ ቢያንስ ምን እንደምጠብቅ አውቃለሁ።

እኔ ክረምት ሳይገባ ብያለሁ። ክረምት ሳይገባ ነው አይደል? "አዎ" ማለት ካልተፈቀደልሽ ስለ አየሩ ጻፊልኝ፤ ፀሐይ ነው ካልሽ ይገባኛል።

አያትሽ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ አየሩ ምን ልጻፍልዎ? መጋረጃው አልተከፈተም።

ያቺን "ነይ"ን ካነበብኩ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። እርስዎ በሕይወትዎ አንድ ቃል ብቻ የያዘ ዓረፍተ ነገር ተናግረው አያውቁም። አያቴ ዓይናቸውን ታመዋል ብዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው "ከመውጫው በፊት አይቻልም" ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን አለቃዬ ቆማ አንብባ፣ ቆማ መለሰችልኝ። ወረቀቴ እዚህ ላይ አልቋል፤ ቀጣዩን ገጽ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ራስጌው ላይ ያለው ዓርማ አይግረምዎ።

[ሁለተኛ ገጽ]

ሦስተኛውም ቀርቷል። ያን ያህል ተጠብቆ፣ ያን ያህል ተለምኖ፣ በአንድ መስመር። ምክንያቱን የነገረን የለም። እኔ ከእንግዲህ ምን ብዬ ተስፋ እንደምሰጥ አላውቅም። የሚጠብቁትን ሳስብ አፍራለሁ።

ይበርቱልኝ። እኔም እበረታለሁ።

የልጅ ልጅዎ


ጥር 6 ቀን

ሚጢጢዬ፤

ሰላም ላንቺ፣ ለወገብሽ፣ ለዚያ ለተጋጨው ድንጋይም ሳይቀር።

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን አነበብኩት፤ ረጅም ስለሆነ አይደለም። "የሚጠብቁትን ሳስብ አፍራለሁ" ያልሽውን ሰርዢው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየ አውቶቡስ ሳስታውቅ አንድም ቀን አላፈርኩም፤ ያዘገየሁት እኔ አይደለሁማ።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፤ ሳትቆጪ አንብቢው። ያንን ባለ ዓርማ ገጽ ጌም ቤት ይዤው ወረድኩ። አዎ፣ ልኩራብሽ ብዬ ነው። "የልጅ ልጄ እዚያ ነው የምትሠራው" ስል ማራገቢያው ራሱ ማቃሰቱን ያቆመ መሰለኝ። ዓርማውን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት። አንዱ እጁን ታጥቦ መጣ!

ፕሮፌሰር ግን ዓይኑ ከዓርማው ወረደ። አነበበ። ፊቱ እንደሚሠራው ጥርስ ነጣ።

"ሦስተኛውም ቀርቷል" አለ።

ነርሷ ከወንበሯ ዘልላ ተነሣች።

"የታል?" ነርሷ ቀማችው። "ቀርቷል ማለት እኮ ገና አለ ማለት ነው። ስንት ቀረ? ሦስተኛው ቀረ። የቀረው እሱ ብቻ ነው እያለች ነው!"

"'ም'ን አታዪም? ሦስተኛው'ም'! እንደሌሎቹ እሱም ቀረ! ተሰረዘ!"

"በአንድ 'ም' ሰው ትገድላለህ?"

"'ያን ያህል ተጠብቆ' ትላለች! 'በአንድ መስመር' ትላለች! ሰባት ዓመት እኮ ነው!"

ስለ ፈቃድሽ እንደሆነ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ለአፍታ ዝም አልኩ። ከጡረታ ወዲህ ያን ያህል ሰው አፌን ሲጠብቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። "ኧረ የፈቃድ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ ቤት ቀርቶ ነው" ስል ፕሮፌሰር ገጹን በስልኩ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ነበር።

"አጥፋው!" አለችው ነርሷ።

"አጠፋዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ..." ይላል፤ እንባው እየወረደ። ያኔ ግን ሌሎች ወስደውት ነበር።

አይዞሽ። በእኛ ፊደል የተጻፈን ነገር እዚያ ማን ያነበዋል?

አያትሽ


ጥር 20 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

አያቴ፣ ምን አደረግክ?

ማን ያነበዋል ትለኛለህ። ማሽን አነበበው! የትርጉም ማሽን "ሦስተኛውም ሞቷል" ብሎ ተረጎመው። ከላዩ የኩባንያው ዓርማ አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ዓለም ሁሉ ደረሰው። ሰዎች በራችን ላይ አበባ አስቀመጡ። ለጨዋታ ልቅሶ ተቀመጡ፤ ቀልድ አይደለም፣ አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አልፌያት ነው የገባሁት።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያንን ፊደል የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ጠሩኝ። አራት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠው "ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" አሉኝ። የፈቃድ ጥያቄዬ ነው አልኩ። "እዚህ ላይ ፈቃድ የሚል ቃል የታል?" አሉኝ። የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያለው። እሱ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው።

ያንን ገጽ ላክልኝ። ሁለቱንም ገጾች። ዋናውን፤ ፎቶ ይቀየራል ይላሉ። እስከ የካቲት 25 ካልደረሰ ምስጢር አውጥታለች ተብዬ ከሥራ እወጣለሁ። በዚህ ጥፋት የወጣን ሰው የትም የጨዋታ ድርጅት አይቀጥረውም።

አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ። አንሣ። ካላነሣህም ላክ። እለምንሃለሁ።


ጥር 28 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ሚጢጢዬ፤

"አንተ" አልሽኝ። አያትሽ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ቀርበሽኝ አታውቂም። ይገባኛል።

ገጹ የለም። በማግስቱ ላስረዳቸው ብዬ ጌም ቤት ሁለቱንም ይዤ ስወርድ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ፈሰሰበት፤ ጠራጊዋ ቆሻሻ መስሏት ጠርጋ ጣለችው። ፈለግሁ፣ አጣሁ። ምን ልበልሽ?

ከባሰም የባሰ አለ። ቢያስወጡሽ ቤትሽ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አልጋሽ እዚህ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ቢመለስ ሞት አይደለም።

አያትሽ


የካቲት 8 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለተከበሩ አያቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለፈው "አንተ" ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሻይ የሚፈሰው በማንም ላይ ነው።

እዚህ ትናንት መግለጫ ወጣ። ጨዋታው አልተሰረዘም፤ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ይወጣል። ጌም ቤት ያሉት እንኳን ደስ አላቸው። ልቅሶው ያስገደዳቸው ይመስለኛል፤ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ተናገሩ።

እኔ የካቲት 25 እወጣለሁ። በዚያ በአሥር ቀን ውስጥ አገሩን እለቃለሁ፤ ስለዚህ እመጣለሁ። ደስ ይበልዎ። ቢያንስ ዓይንዎ ሳይዘጋ ያዩኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያስቡልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ የማውቀው ሥራ ጀልባን ከድንጋይ ጋር ማጋጨት ነው፤ እሱን ደግሞ ከእንግዲህ የሚያሠራኝ የለም። ጨዋታው ሲያልቅ የሠራተኞች ስም በስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ የእኔን አንሥተውታል፤ ከላዬ ያለውና ከሥሬ ያለው ስም ተገናኝተዋል። ዛሬ የጎን ባልደረባዬ ወንበሬን በሜትር ለካው። አፍሮ "ለጠረጴዛው ነው" አለኝ። እኔም ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዝኩለት።

ልብሴን እያጣጠፍኩ ነው። አንዳንዴ አጣጥፌ ስጨርስ እፈታውና ከአንድ እጀምራለሁ።

የልጅ ልጅዎ


የካቲት 14 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ሚጢጢዬ፤

ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ጋር ለጊዜው ተኳርፈናል።

ደብዳቤሽ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ። ከስድስተኛው መስመር በኋላ ዓይኔ እምቢ አለኝ። አሁን የማየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚሰልል ሰው ነው፤ አንዱን ቃል ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ነርሷን አስጠርቼ አስነበብኳት። ባልደረባሽ ወንበርሽን የለካበት ላይ ስትደርስ አቆመች።

"አባባ፣ ያ የመጀመሪያ ገጽ በእውነት ተጣለ?"

"ተጣለ አልኩ እኮ።"

"ማን ጣለው?"

"ጠራጊዋ።"

"ጌም ቤቱን የሚጠርገው ባለቤቱ ራሱ ነው። ጠራጊ ኖሮት አያውቅም።"

"እንግዲያው እሱ ይሆናላ!"

"እንግዲያው እጅዎ ምን ሊሠራ ኪስዎ ላይ ሄደ?"

እጄን ከኪሴ አወረድኩ። እሷም ደብዳቤሽን በእጥፋቱ መልሳ አጥፋ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሚኝ። "እመጣለሁ" ያልሽበትን መስመር ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። አንሶላሽን አሳጥቤያለሁ። የክፍልሽን አምፖል አውጥቼ ትልቁን አስገብቻለሁ፤ ፊትሽ እንዲበራልኝ። ከበሩ ስንት እርምጃ ገብተሽ ብትቆሚ በዚያች ቀዳዳዬ ሙሉ ፊትሽ እንደሚያዝ እንኳ ለክቼ ጨርሻለሁ፤ አራት እርምጃ ነው። ያ ልጅ እዚያ ወንበርሽን ሲለካ እኔ እዚህ አንቺን እለካ ነበር። እሱ ቢያንስ አፍሯል።

በሠላሳ አራት ዓመት ብዙ ነገር ለፍፌያለሁ፤ ግማሹም ውሸት ነበር፤ "አሁን ይነሣል" ያልኩት አውቶቡስ ስንቴ ሞተሩ ወርዶ ተቀምጧል! የራሴ ሰው እንዲደርስልኝ ብዬ ግን የሌላውን መንገድ ዘግቼ አላውቅም። ይህንን ያደረግኩት ባንቺ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለቱም ገጾች አሉ። ፕሮፌሰር ዛሬ ሥራውን ዘግቶ ትርጉም ቤት ወስዶ በማኅተም አስተርጉሟቸዋል። ሲያመጣልኝ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። "ለጨዋታው ነው ወይስ ለልጅቷ?" ብዬ ስጠይቀው "አላውቅም፣ አባባ፤ ተቀላቅሎብኛል" አለኝ። ነርሷ ፎቶውን ዛሬውኑ በስልኳ ትልክልሻለች፤ ዋናው በአምስት ቀን ይደርስሻል ብለውኛል። ይህንንም ደብዳቤ አስተርጉመሽ ለአለቆችሽ ስጪያቸው። ጥፋተኛው አያቷ ነው በይ፤ አያት ደግሞ ከሥራ አይባረርም።

እንግዲህ አትምጪ። ብትመጪ በር ላይ ቆሜ "ሞልቷል!" እልሻለሁ። ጨዋታው ሲወጣ ትመጫለሽ። ያኔ እኔ አላይሽም፤ አንቺ ግን ታዪኛለሽ። ከሁለታችን መልከ መልካሙ እኔ ስለሆንኩ ጉዳቱ ቀላል ነው። ለእኔ ደግሞ ስትሄጂ እንደነበርሽው፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ትቀሪልኛለሽ፤ ይህንን "ትቀሪልኛለሽ" ለማሽኑ ስጪውና ምን እንደሚል እንይ።

ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አነሣለሁ። "ደህና ነኝ" ስልሽ እንዳታምኚኝ።

ለአለቆችሽ እንዲመች መጨረሻውን በግልጽ ልጻፈው። የዓይኔ ነገር እውነት ነው። ፕሮፌሰርም፣ ነርሷም፣ ያ "ም" ያመጣው ጠብም እውነት ነው። ሻይ ፈሰሰበት፣ ተጠርጎ ተጣለ ያልኩሽ ግን ፈጠራ ነው። ሻይ አልፈሰሰም፤ ማንም አልጠረገም። ሁለቱም ገጾች የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ አንቺ ስትለምኚኝም እዚያው ነበሩ።